የበለዘ ጥርስ፣ የተበላ ጥርስ እና ‹ቀጣይ› የምትለዋ ቁልፍ (አዳማ)

ጥርስ አስተማሪው · ሰኞ ማታ 3፡15

ሰላም ቤቶች። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አዳማ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። ካለፈው መስከረም ጀምሮ የክፍሉን ትምህርት በከፊል ወደ ስልክ አዙሬዋለሁ። ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መስጫ ሥርዓት ነው) ላይ 14 ትምህርቶች ሠራሁ። አጫጭር ቪዲዮ አላቸው፣ ሲነኩት የሚገላበጥ የጥርስ ስዕል አላቸው፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ አላቸው። ለምሳሌ 36 ቁጥርን ስትነካው ‹ታችኛው ግራ፣ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ፣ 6 ዓመት አካባቢ የሚበቅል› ይልሃል። እሱን ለመሥራት ስንት ሌሊት እንዳመሸሁ ባለቤቴ ትናገር።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ከወንጂ መጡ። ታች በስተቀኝ ኋላ ያለው መንጋጋቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛቸው አድሯል። ተማሪዬን ‹አንተ እያቸው› አልኩት። ጎበዝ ልጅ ነው። ስለ ጥርስ መበላት የሠራሁትን ፈተና 19 ከ20 ያመጣ። አፋቸውን አስከፈተና ገና ሳይቀመጥ ‹ማዘር፣ የፊት ጥርሶችዎ በሙሉ ተበልተዋል› አላቸው።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። ‹ልጄ፣ እሱ እንኳን ከልጅነቴ ነው። ውሃው ነው። እኔ የመጣሁት ለዚህኛው ነው› ብለው በጣታቸው ጉንጫቸውን ነካ አደረጉ።

ማታ ቤት ገብቼ የራሴን ትምህርት ከፍቼ አየሁት። ስለተበላ ጥርስ 31 ፎቶ አስገብቻለሁ። ሁሉም የውጭ ናቸው። ሁሉም ነጭ ጥርስ ላይ ያለ ቡናማ ጉድጓድ ነው። በውሃው ፍሎራይድ የበለዘ ጥርስ አንድም የለም! ከወንጂ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ቁጭ ብዬ። ልጁ ቡናማ ሁሉ የተበላ ነው ቢል ማን አስተማረው? እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ደግሞ ይሄ ነው። የሙድሉን መዝገብ ሳየው 11 ደቂቃ ቪዲዮ ያለውን ትምህርት በ4 ደቂቃ ጨርሶታል። ቀጣይ፣ ቀጣይ፣ ቀጣይ። ከዚያ 19 ከ20።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ተማሪው ጣቱን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቱን እንዲያንቀሳቅስ አድርጎ የሠራ ሰው አለ? የአገራችንን አፍ የሚያሳይ ፎቶስ ከየት ይገኛል?

---

ኮድ በፍራንኮ · ሰኞ ማታ 4፡02

ወንድሜ፣ እኔ የጥርስ ሰው አይደለሁም። ያለኝ ግንኙነት ሁለት ሙሌት ብቻ ነው። ግን የኦንላይን ትምህርት መሥራት እንጀራዬ ነው።

የሠራኸው ነገር ይንቀሳቀሳል እንጂ አያሳትፍም። ጥርሱ ስለተገላበጠ ተማሪው አሰበ ማለት አይደለም። ተማሪው ምርጫ ካላደረገ፣ ምርጫው ደግሞ መዘዝ ካላመጣበት፣ ቪዲዮም ሆነ መጽሐፍ ያው ነው።

ሙድል ካለህ ኤችፋይቭፒ (ተማሪውን የሚያሳትፍ ትምህርት መሥሪያ) አብሮ አለ፣ በነፃ። ሁለት ነገር ሞክር። አንደኛ፣ ቪዲዮው ውስጥ መሃል ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ጥያቄ። ሳይመልስ አያልፍም፣ መዝለልም ትከለክላለህ። ሁለተኛውና ዋናው ቅርንጫፍ ያለው ታሪክ ነው። በሽተኛ ይመጣል፣ ‹መጀመሪያ ምን ትላለህ?› ይላል። የመረጠው ወደ ሌላ መንገድ ይወስደዋል። ለተሳሳተ መልስ ቀይ ምልክት አታሳየው። የሚሆነውን አሳየው። እኚያ እናት አፋቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ አሳየው!

ጥያቄዎቹን ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ አትከምር። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር አለ። ደጋግሞ ያነበበው ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተን ይበልጣል። ከሳምንት በኋላ ግን አንብቦ ራሱን የጠየቀው ይበልጠዋል። ስለዚህ የሰኞን ጥያቄ ሐሙስ መልሰህ ጠይቅ። በሳምንቱ አሁንም ጠይቅ። ለዚህ የቴሌግራም ኩዊዝ ይበቃል። ጥያቄው ከ300 ፊደል፣ ማብራሪያው ከ200 ፊደል አይበልጥም። ይሄ ጉድለት ይመስላል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። መምህር ሲባል ማብራሪያ ላይ አያቆምም፣ አትቆጡኝ።

---

ሦስተኛ ዓመት · ሰኞ ማታ 5፡30

መምህር፣ ምናልባት የእርስዎ ተማሪ ልሆን ስለምችል ስሜ ይቅር 😄

እውነቱን ልንገርዎት? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ እርስዎ በለቀቁት በ7 ደቂቃ ውስጥ ስክሪን ሾት ሆኖ ግሩፕ ላይ ነበር። ሁሉም ሰው ያው ጥያቄ፣ ያው ቅደም ተከተል ነው የሚመጣለት። ቪዲዮውን ያላየነው ስለናቅነው አይደለም። ዳታ ነው። የወሩ ጥቅል በ10 ቀን ያልቃል። ኔትወርክ የሚሻለው ሌሊት ነው፣ ሌሊት ደግሞ መብራት ይሄዳል፣ ስልክ ይዘጋል። ዶርም ውስጥ አንድ ሶኬት ለስድስት ሰው ነው።

አንዷ ግን ወድጄ የሠራኋት አለች። የማደንዘዣ ስሌቷ። ‹የልጁ ክብደት ይህን ያህል ነው፣ ስንት አምፑል ትሰጣለህ› የምትለዋ። ለእኔ 18 ኪሎ ደረሰኝ፣ ለጓደኛዬ 23። መልሱን መኮረጅ አይቻልም፣ ዘዴውን መጠያየቅ ግድ ነው። ማደንዘዣው ሊዶካይን 2 በመቶ ነው፣ በአንድ አምፑል (1.8 ሚሊ ሊትር) ውስጥ 36 ሚሊ ግራም አለ። ለልጅ በኪሎ ከ4.4 ሚሊ ግራም አይበልጥም። 18 በ4.4 ሲባዛ 79.2። ስለዚህ ከሁለት አምፑል ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ ሦስት አይሞከርም። ይኸው ሳላይ ጻፍኩት። በየሰው ቁጥሩ ስለተቀያየረ ነው የያዝኩት።

---

የወንጂ ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

ይህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ተወልጄ ያደግኩት ወንጂ ካምፕ ውስጥ ነው። አያቴ ለሸንኮራ ቆረጣ ከደቡብ የመጣ ነው። ፋብሪካው የተከፈተው በ1946 ዓ.ም. ነው፣ ሆላንዶቹ ናቸው የከፈቱት። ሠራተኛው ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነበር የሚጠጣው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከእኛ ጉድጓዶች ያንን እጥፍ ድርብ አድርገው ያለፉ ነበሩ። የከፋባቸው ሰዎች ጀርባቸውና መገጣጠሚያቸው ሁሉ ደርቋል። ጥርስ ለእነሱ ትንሹ ነገር ነው።

የስምንተኛ ክፍል የቡድን ፎቶአችንን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። 41 ልጆች ነን። አንድም የሚስቅ የለም። ፎቶ አንሺው ‹ሳቁ እንጂ!› እያለ ለመነን። ማን ይስቃል?

አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ስሄድ ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰውዬ ‹ጫት ትቅማለህ?› አለኝ። ቅሜ አላውቅም። ሌላ ጊዜ አንድ ክሊኒክ ገባሁና ባለሙያው ሳይጠይቀኝ ‹ጥርስህን አትቦርሽም አይደል› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አምስት ዓመት ሐኪም ቤት አልሄድኩም። በመሃል አንድ ጤነኛ የነበረ መንጋጋ በሰበሰ፣ ተነቀለ።

ስለዚህ መምህር፣ ያ ልጅ የተናገራት አንድ ዓረፍተ ነገር ትንሽ አይደለችም። ትምህርቱ ውስጥ አንድ ነገር አስገባልኝ። ‹ውሃውን አፍሉት› የሚል ምክር አለ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አፈላች። ፍሎራይድ ግን ሲፈላ አይጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። ጀርም ሌላ፣ ፍሎራይድ ሌላ። የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ነው የሚይዘው። ወይም ምንጩን መቀየር።

---

ጋሽ ፎርሴፕስ · ማክሰኞ ቀን 7፡45

ልጆች፣ እኔ ጥርስ ስነቅል 26 ዓመቴ ነው። ሁላችሁንም አነበብኩ።

ስልክ ላይ አጥንት አይነካም። ነገሩ እሱ ነው።

የታችኛውን መንጋጋ ስታደነዝዝ መርፌው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም 2 ሴንቲ ተኩል ይገባና አጥንቱን ጠቅ ያደርጋል። ያቺ ‹ጠቅ› በእጅ ነው የምትታወቀው። ቶሎ ከነካህ ወደ ፊት መጥተሃል፣ ጭራሽ ካልነካህ ወደ ኋላ አልፈሃል፤ እዚያ መድኃኒት ከለቀቅክ የሰውየው ፊት በአንድ ጎን ይወድቃል። ፊቱ ወደ ቦታው የሚመለሰው ማደንዘዣው ሲለቅ ነው፣ እስከዚያ ግን ቤተሰቡ አንተን ነው የሚያየው። ከመልቀቅህ በፊት መልሰህ መሳብ፣ ደም አለመምጣቱን ማየት አለብህ። እኛ ብርቱካን ላይ ነው የተማርነው። ብርቱካኑን ወግተን ወግተን ሲያልቅ እንበላው ነበር፤ በዚያ ጊዜ በውሃ ነበርና የምንወጋው።

አሁን የምንቀበላቸው ልጆች ‹አውቀዋለሁ፣ ቪዲዮውን አይቻለሁ› ይላሉ። መስታወቱን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ ግን ግራ ይገባቸዋል። በመስታወት ሲያዩ እጃቸው ወደ ተቃራኒ ይሄዳል። እና ይሄ ሁሉ ሙድል ምንድልን ለምን ያስፈልጋል? መጽሐፍ ያንብቡ፣ ከዚያ ወንበር አጠገብ ይቁሙ።

---

ኮድ በፍራንኮ · ማክሰኞ ቀን 8፡05

ጋሼ፣ ‹ሙድል ምንድል› ዶርሜ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው 😂

ግን ብርቱካኑም እኮ ያኔ ማስተማሪያ መሣሪያ ነበር። ማንም ‹ብርቱካን ሰው አይደለም› ብሎ አልተወውም።

---

ጥርስ አስተማሪው · ማክሰኞ ማታ 2፡20

ጋሼ፣ ስለ እጅ ያሉት ሐቅ ነው፣ አልከራከርም። ያንን ለመፍታት የሞከሩ አሉ። ሲሞዶንት የሚባል መሣሪያ አለ፣ አምስተርዳም ካለው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር የተሠራ። ስክሪን ላይ ጥርሱን ስትቦረቡር መሣሪያው እጅህን መልሶ ይገፋሃል፣ የኢናሜሉ (የጥርሱ የላይኛው ሽፋን) ጥንካሬና የውስጡ ልስላሴ ይለያል። ለእኛ ግን ይሄ ወሬ ነው። እኛ ጋ ያለው የፕላስቲክ ጭንቅላት እንኳ መንጋጋው በጎማ ታስሮ ነው የሚከፈተው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ወንበር አጠገብ ያለን ሰዓት በጣም ጥቂት ነው። ተማሪው 46፣ ወንበሩ 5። ያችን ሰዓት ‹ይሄ ጥርስ ስንት ቁጥር ነው› በማለት ማቃጠል የለብንም። ቁጥሩን፣ ስሌቱን፣ ‹ምን ልጠይቅ፣ ምን ልበል› የሚለውን ስልክ ላይ ይጨርሱ። ጠቅታዋን እርስዎ ያሳዩአቸው።

በነገራችን ላይ፣ ውድ ዕቃ የሌለው አገር ብልሃት አያጣም። ጥርስን ያለ ሞተርና ያለ መብራት፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የበሰበሰውን ፍቆ መሙላት የተጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. እዚሁ ታንዛኒያ ውስጥ ነው። አሁን ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ተማሪዎቼ ሲሰሙት ደንግጠዋል። ከአውሮፓ የመጣ ነበር የመሰላቸው።

---

ሲስተር ከቦኩ · ማክሰኞ ማታ 3፡50

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ስለ ጥርስ የተማርኩት በጣም ትንሽ ነው፣ ቤት ለቤት የምጠየቀው ግን ብዙ ነው።

የእኔ ራስ ምታት ግግ ነው። ለማታውቁት፦ ሕፃኑ ገና ጥርስ ሳያበቅል ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል። አያት ድዱን ትዳስስና ክራንቻው የሚበቅልበት ቦታ አብጦ ታገኘዋለች። እዚያ ቦታ ማበጡ ያለ ነው። ‹ግግ ነው፣ ይውጣለት› ትባላለች እናትየዋ። በሹል ነገር ድዱን ፈልፍለው ያወጡለታል። የሚወጣው የወተት ጥርሱ እንቡጥ ነው። ስሩ ያለው የቋሚው ጥርስም አብሮ ይጎዳል። ደም መፍሰሱንና መመረዙን ተዉት።

ሥልጠና ላይ ‹ግግ ማስወጣት ጎጂ ነው፣ እውነት/ሐሰት› የሚል ጥያቄ ሞልቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ቤት ስገባ ግን እናትየዋ እያለቀሰች፣ አያትየዋ ዓይናቸውን አፍጠውብኝ ‹አንቺ ስንት ወልደሻል?› ይሉኛል። ለዚህ መልስ አልተማርኩም። አልወለድኩማ!

ፍራንኮ ያልከው ቅርንጫፍ ያለው ታሪክ ለዚህ ቢሠራ ስንቱ በዳነ። ‹ይሄ ወንጀል ነው› ብዬ ብቆጣ ምን ይሆናል? ማታ ደብቀው ይወስዱታል፣ አይቼዋለሁ። ‹እስቲ ልየው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስቀምጠው?› ብዬ ኦአርኤሱን አያትየዋ ራሳቸው እንዲበጠብጡ ባደርግስ? ይህንንም አይቼዋለሁ። ‹እኔ ነኝ ያዳንኩት› ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ይበሉ፣ እኔ ምን ቸገረኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአፍሪካ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ስለ አፍ ጤና ያወጣው ነፃ የኦንላይን ኮርስ አለ። ጥሩ ነው። ግን የእኛ ሰፈር አያት እዚያ ውስጥ የለችም። ሌላው፣ በኦሮምኛ ድምፅ ይኑረው። ግማሹ ቤት የማስረዳው ስለ ኢልካን እንጂ ስለ ጥርስ አይደለም።

---

ዝምተኛ አንባቢ · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ከርዕስ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። የ4 ዓመት ልጅ አለኝ። አዳማ ነን። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ልተውለት ነው ማለት ነው?

---

ጥርስ አስተማሪው · ረቡዕ ጠዋት 4፡12

እህቴ (ወይም ወንድሜ)፣ አትተዪው። ልጁ የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ ይጠቀም። ከ3 ዓመት በታች ቢሆን ኖሮ የሩዝ ፍሬ የምታክል እልሽ ነበር። አንቺ ቆመሽ እያየሽው፣ ሳይውጥ እንዲተፋ። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ በሚገባው ፍሎራይድ ነው። በተለይ ከሚጠጣው ውሃ። የምትጠቀሙት የግል ጉድጓድ ከሆነ ውሃውን አስመርምሩት።

ጥያቄሽን ግን ወስጄዋለሁ። እንዳለ ትምህርቱ ውስጥ ይገባል።

---

ጥርስ አስተማሪው · እሑድ ማታ 1፡30

ሦስት ሌሊት ፈጀ፣ ባለቤቴ አሁንም አኩርፋለች። አንዱን ትምህርት አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ዝርዝሩን ልጻፍ፣ ቀዳዳ ካለው ንገሩኝ።

ቪዲዮ የለም። ፎቶና ድምፅ ብቻ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ 3 ሜጋ አይሞላም። በሙድል መተግበሪያ አንዴ ግቢው ውስጥ ያወርዱታል፣ ከዚያ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

የሚከፈተው በር ሲንኳኳ ነው። እናት ገቡ፣ ጉንጫቸውን ይዘዋል። ‹መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?› ይላል። ሦስት ምርጫ፦ አፍ አስከፍተህ ታያለህ፣ ‹ምን ሆኑ› ትላለህ፣ ኤክስሬይ ታዛለህ። አፍ ማስከፈቱን የመረጠ የፊት ጥርሱን ፎቶ ያየዋል፣ ‹ያየኸውን ተናገር› ይባላል። ‹ተበልቷል› ካለ ስክሪኑ ይጨልምና የሴት ድምፅ ‹እሱ እንኳን ከልጅነቴ ነው› ይላል። ከዚያ ቀጠሮ ትይዛለች፣ በቀጠሮው ቀን አትመጣም። አለቀ። ቀይ ምልክት የለም፣ ማብራሪያም የለም። እንደገና ከበሩ።

‹ምን ሆኑ› ያለው ወደ መንጋጋው ይሄዳል። የፊቱን ጥርስ በኋላ፣ ተረጋግቶ ያየዋል። እዚያ ላይ ነው የመለየት ሥራው የሚመጣው። ጥርሱን በአየር ለ5 ሰከንድ አድርቆ ማየት። ግራና ቀኝ ያሉት ተመሳሳይ ጥርሶች እኩል በልዘዋል? መስመሩ አግድም ነው? ወይስ ድዱ ጠርዝ ላይ፣ ቆሻሻ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው የነጣው? በጣቱ ፎቶው ላይ ያከብባል። ያከበበውን ከእኔ ክብ ጋር ጎን ለጎን ያየዋል።

ሁለተኛውም ትምህርት ተጀምሯል፣ ስለ ስኳር። ቡና ጠጪ ቤተሰብ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም በሁለት ማንኪያ ስኳር። ተማሪው ጊዜውን ጎትቶ ያስቀምጣል፣ የአፉ አሲድ መስመር ከሥር ይንቀሳቀሳል። ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ ኢናሜሉ መሟሟት ይጀምራል፣ ምራቅ መልሶ ለማንሳት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሦስቱን ስኒ ስታራርቃቸው መስመሩ ሊነሳ ሲል እንደገና ይወርዳል፣ ከታች የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ስኳሩ ያው ነው፣ የሚገድለው ድግግሞሹ ነው። ይህንን ስናገር 10 ዓመት ሆኖኛል፣ አንድም ተማሪ እንዲህ ዓይኑ በርቶ አይቼ አላውቅም።

---

ጋሽ ፎርሴፕስ · እሑድ ማታ 2፡40

አንድ ቀዳዳ አለው። የበለዘ ጥርስም ይበላል። ተማሪህ አሁን ደግሞ ቡናማ ሁሉ ውሃው ነው ብሎ የበሰበሰውን እንዳያልፍ። በጣም የበለዘ ጥርስ ራሱ እየተሸራረፈ ጉድጓድ ያወጣል። ለስለስ ይላል ወይስ ይጠነክራል? ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ፕሮብ (መመርመሪያ ዘንግ) ይዩት፣ ሳይጫኑ። ሹሉን ወግተው ቀዳዳ የሚፈጥሩ አሉ።

ድምፁን ያነበበችው ማን ናት? ጎበዝ።

---

ጥርስ አስተማሪው · እሑድ ማታ 2፡55

ባለቤቴ ናት ጋሼ። እያኮረፈች ስለሆነ እንዲህ ያማረው። የበለዘና የተበላ ሁለቱም ያለበት ሦስተኛ በሽተኛ እጨምራለሁ፣ ልክ ነዎት።

---

ሕግ ነው ሥራዬ · ሰኞ ጠዋት 2፡20

ማንም ያላነሳው ነገር። ፎቶዎቹን ከየት አመጣህ? የታካሚ አፍ የታካሚ ነው። ‹ለትምህርት ነው› ብሎ በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ዕዳ ነው። በጽሑፍ ፈቃድ ይኑርህ፣ በሚገባቸው ቋንቋ። ፎቶው የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየው ይነገራቸው። ፈቃድ የሚጠየቀውም ከሕክምናው በኋላ ነው። ጥርሱ እየጠዘጠዘው ‹ፎቶ ላንሳዎት?› ስትለው እምቢ ብል አልታከምም ብሎ ይፈራል።

---

ጥርስ አስተማሪው · ሰኞ ጠዋት 2፡50

በዚህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። የድሮዎቹን ፎቶዎች ሳነሳ የቃል ፈቃድ ብቻ ነበር የምቀበለው። አሁን ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ። ከከንፈር በላይ አይነሳም። ያለኝ ጥሩ ፎቶ ግን አራት ብቻ ነው።

---

ሦስተኛ ዓመት · ሐሙስ ማታ 4፡15

የአዲሱን ትምህርት ወሬ ላምጣ። ስክሪን ሾት የለም፣ ምክንያቱም ምን ስክሪን ሾት ይደረጋል? ግሩፑ ላይ የነበረው ክርክር ነው። ‹አንተ እንዴት ነው ሴትዮዋ ያልሄዱብህ?› ‹እኔን ሁለቴ ሄዱብኝ!› አንዱ ልጅ አራት ጊዜ ከበሩ ጀምሯል፣ ኤክስሬዩን ማዘዝ አልተውም ብሎ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ከበሩ ስትጀምር ያንኑ ድምፅ ሁሌ መስማት ይሰለቻል። የሰማነውን መዝለል ይፈቀድልን።

እና ማክሰኞ ክሊኒክ ያ 19 ከ20 ያመጣው ልጅ ነበር። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ መስታወቱን ገና ሳያነሳ ‹ማዘር፣ የትኛው ነው ያሳመምዎት?› አለ። ከዚያ መስታወቱን በቀኝ እጁ ያዘ። ጋሽ ፎርሴፕስ ይህን አይስሙ።

---

ጋሽ ፎርሴፕስ · ሐሙስ ማታ 4፡31

ሰምቻለሁ። ግራኝ ካልሆነ ላኩልኝ።

---

የወንጂ ልጅ · ዓርብ ጠዋት 1፡05

መምህር፣ አራት ፎቶ ብቻ አለኝ ያልከውን አይቼ እናቴን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ‹ይህን ጥርስ ለማን ልታሳይ ነው?› ብላ ተቆጣች። ነገሩን ሳስረዳት ዝም አለች። ማታ እራት ላይ ‹ፊቴን ካላነሱ ይሁን› አለች። አክስቴም ትመጣለች። እኔም አለሁ። ሦስት አፍ ሆነልህ። መቼ እናምጣት?

---

ጥርስ አስተማሪው · ዓርብ ጠዋት 1፡40

ወንድሜ፣ ምን ልበልህ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት። ቅጹን ቤት ወስደህ አንብብላቸው፣ ከፈለጉ ብቻ ይፈርሙ። ቁርስ በልተው ይምጡ፣ ወረፋው ይረዝማል።